ለጥምቀት አዲስ አበባ ነን፤ በሚተርፉን ቀናት ከከተማ የት እንውጣ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ታኅሣሥ 14)

ሰላም ለዚህ ቤት። ዘንድሮ ጥምቀትን አዲስ አበባ ልናከብር ትኬት ቆርጠናል። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን ነን። ጥር 6 ገብተን ጥር 15 ማታ እንወጣለን። ከመሥሪያ ቤት ከዚህ በላይ ፈቃድ አልተገኘም። ልጆቹ የ8 እና የ12 ዓመት ናቸው፤ እዚሁ ሜሪላንድ ተወልደው ያደጉ።

ከከተራ እስከ ሚካኤል ያለው የተያዘ ነው። ጃንሜዳ አይቀርም። ዘመድ ጥየቃም አለ። ከዚያ የሚተርፈን ቢበዛ ሁለት ሙሉ ቀንና አንድ ግማሽ ቀን ነው። የጻፍኩት ዝርዝር ግን ይሄን ይመስላል፦ ቢሾፍቱ፣ ወንጪ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ ጥያ፣ ላንጋኖ፣ አዋሽ ፓርክ፣ ከተቻለ ደግሞ በአውሮፕላን ላሊበላ። ባለቤቴ አይቶት ምንም ሳይናገር መለሰልኝ።

እማዬም አብራን ትወጣለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ግፊትም አለባት። እሷ የምታነሳው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ደብረ ሊባኖስ። ትልቁ ልጅ ደግሞ "መዋኛ ካለው የትም ይሁን" ባይ ነው። የቱን ልያዝ? የቱን ልተው?

አራት_ኪሎ_ካፌ

እህቴ፣ ይሄ ዕረፍት ነው ወይስ የምርጫ ቅስቀሳ?

የቃሊቲ_ሾፌር

ሰው ይዤ ከከተማ ስወጣ ብዙ ዓመት ሆኖኛልና የማውቀውን ልናገር። ኪሎ ሜትር አትቁጠሪ። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ "የምታድሩት የት ሰፈር ነው?" የሚለው ነው።

ወደ ቢሾፍቱ በቃሊቲ ወይም በቱሉ ዲምቱ ትወጫለሽ። ወደ ጥያ በጀሞና በዓለም ገና። ወደ ወንጪ በሰበታ አድርገሽ በወሊሶ፣ ወይም በሆለታ አድርገሽ በአምቦ። ወደ ደብረ ሊባኖስ በሱሉልታ። አያት ሰፈር አድሮ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደ ጀሞ የሚነሳ ሰው ገና ከተማውን ሳይጨርስ ይሰለቸዋል። በዚያው ሰዓት በፈጣኑ መንገድ ቢሾፍቱ የገባው ማኪያቶውን አዝዟል።

ሁለተኛ፣ ከአሜሪካ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኑ ይፈጣል። አልጋ ላይ ከምትገላበጡ ተጠቀሙበት። ረጅሙን መንገድ ከጥምቀት በፊት አድርጉት። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ መንቀሳቀስ ለእናንተ ችግር አይደለም፤ ለሾፌሩ ነው እንጂ።

ሦስተኛ፣ ሳይጨልም ከተማ መግባት። ማታ ከብት አለ፣ ጋሪ አለ፣ የኋላ መብራት የሌለው ኢሱዙ አለ። ልጆችና እናት ይዤ ከ12 ሰዓት በኋላ ከከተማ ውጭ መገኘት አልፈልግም። ይሄን ይዘሽ ዝርዝርሽን እንደገና እዪው፤ ግማሹ ራሱ ይወድቃል።

ጉለሌ_በር

እውነቱን ነው። ላንጋኖ ውጪ። የሞጆ–ባቱ ፈጣን መንገድ ጉዞውን አሳጥሮታል፣ ግን ላንጋኖ የሚኬደው አድሮ ጠዋት ሐይቁ ዳር ለመንቃት ነው። ለምሳ ደርሶ መመለስ ድካም ብቻ ነው። አዋሽ ፓርክም ያው። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሳላና ሌላውንም አውሬ ለማየት ጠዋት በጊዜ ወይም ወደ ማታ እዚያ መገኘት አለብሽ። ስለዚህ ማደር ግድ ነው። ሁለቱንም ሰርዢ።

ዱባይ_ካራማ

እኔ ደግሞ ሁሉንም ትቼ ላሊበላ ነበር የምሄደው። ልጆቹ ሌላ ጊዜ መቼ ይመጣሉ? ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ መንገደኛ ለአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ አለው። ጥምቀት እዚያ ማለት ደግሞ ምን ልበልሽ...

ጉለሌ_በር

@ዱባይ_ካራማ፣ ላሊበላን ማንም አይጠላም። ግን ቁጠሪው። መሄጃ ቀን፣ መመለሻ ቀን፣ መሃል ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን። በረራ ቢዛወር ደግሞ ሌላው ዕቅድ ሁሉ አብሮ ይናዳል። እናትየው ደግሞ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በዋሻና በደረጃ ስትወርድ ስትወጣ ልትውል ነው። በዚያ ላይ የአካባቢውን ጸጥታ በየሳምንቱ እየጠየቁ መወሰን ያስፈልጋል። ትኬት ቆርጦ ከሁለት ወር በፊት የሚወሰን ነገር አይደለም።

ዱባይ_ካራማ

እሺ፣ ጉልበት የሚለውን አላየሁትም ነበር። ያዙልኝ፣ ላሊበላ ለሚቀጥለው ይሁን።

ወንጪ_አፍቃሪ

ሁላችሁም ወንጪን ዝም ብላችሁ አለፋችሁት! የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት መንገዱም ማደሪያውም ተሠርቶለታል። ከላይ ከገደሉ ጫፍ ቆማችሁ ሐይቁን፣ መሃሉ ላይ ያለችውን ደሴትና ገዳሙን ስታዩ ትንፋሽ ያሳጥራል። ልጆቹ ፈረስ ይጋልባሉ፣ በጀልባ ይሻገራሉ። ፍል ውኃም አለ።

ነጭ_ገዋን

ትንፋሽ ያሳጥራል ያልከው ቀልድ አይደለም። ነርስ ነኝ። የወንጪ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,300 ሜትር ያልፋል። ከሜሪላንድ የመጡ ሰዎች በሁለተኛና በሦስተኛ ቀናቸው እዚያ ወጥተው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢይዛቸው አይገርመኝም። እናት አዲስ አበባ ስለሚኖሩ ከፍታውን ለምደውታል። የእሳቸው ጣጣ ቁልቁለቱ ነው። ግፊት ያለበት ሰው ጉዞ ስለሆነ ብሎ መድኃኒት መዝለል የለበትም። ብዙዎች "መንገድ ላይ ሽንት ቤት የለም" ብለው የውኃ ክኒኑን ይተውታል። ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ሾፌሩም መቆሚያ አስቦ ይንዳ።

ወንጪ_አፍቃሪ

በፈረስ ይውረዱ!

ነጭ_ገዋን

ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት በፈረስ ቁልቁል? አንተ ውረድ።

የማርያም_ጽዋ

ስለ ደብረ ሊባኖስ ማንም ስላላነሳ እኔ ልናገር። እናትሽ ቢመኙት አይፈረድም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። ግንቦት 1929 በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ምዕመናኑ የተጨፈጨፉበት ቦታም ነው። አሁን ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። ለልጆቹም ቢሆን ሸለቆው፣ ጭላዳዎቹና የድንጋዩ ድልድይ አሉ። ድልድዩን ሁሉም ሰው "የፖርቱጋል ድልድይ" ይለዋል፤ ያሠሩት ግን ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል።

ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ደርሶ መልስ ይቻላል። ችግሩ መንገዱ ነው። በሰላም የሚኬድበት ሳምንት አለ፣ ሰው "ተዉ" የሚልበት ሳምንት አለ። የአጥቢያችሁን ሰበካ ጉባኤ ወይም ከፍቼ ከተማ የሚመጣ ሾፌር አንድ ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ። "ዛሬ አይኬድም" ከተባለ አትከራከሩ።

የቃሊቲ_ሾፌር

ይሄ ለወንጪም ይሠራል። እኔ አልሄድም ስል "ጨምሬ ልክፈልህ" የሚለኝ ሰው አለ። የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። ከፊት የመጣ ሾፌር "ተመለስ" ካለኝ እመለሳለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቁም ነገር አገኘሁ። እማዬ ቤት ጎፋ ነው። ላንጋኖ፣ አዋሽና ላሊበላ ተሰርዘዋል። ባለቤቴ አሁን መናገር ጀምሯል። ለእማዬ ግን ደብረ ሊባኖስን "ተይው" ማለት አልችልም። ስለቷም ነው።

የቃሊቲ_ሾፌር

ጎፋ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ጀሞ አፍንጫችሁ ሥር ነው። ጥያ የሚወስደውን የቡታጅራን መንገድ ያዙ።

ሶዶ_ተወላጅ

የአገሬ መንገድ ተጠራና መጣሁ። ሰው ጥያን ብቻ ስለሚያስብ "ድንጋይ ለማየት ይሄን ያህል?" ይላል። መንገዱ ላይ ግን ሦስት ነገር ነው ያለው፤ ሦስቱም እርስ በርስ አይመሳሰሉም።

ቅርቡ መልካ ቁንጡሬ ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር። የሰው ዘር ከሚሊዮን ዓመት በላይ የተጠቀመባቸው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙዚየሙ ጎጆ ጎጆ ሆኖ የተሠራ ነው፣ አይደክምም። ባልጪት ደግሞ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ጥቁር ባልጩት የሚወጣበት ነው።

ከዚያ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ አዳዲ ማርያም አለ። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። በትውፊት የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ነው ይባላል። ላሊበላ ቀረብኝ ብለሽ ከሆነ ይኸውልሽ። ትንሽ ነው፤ ግን በውስጡ ይቀደሳል፣ ሰው ይሳለማል። ዙሪያውን አለቱ ተቆርጦ እንደ ጠባብ ኮሪደር ሆኗል። ትወርጂና ከግድግዳው ጋር ትከሻ ለትከሻ ትሄጃለሽ።

ሩቁ ጥያ ነው፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር። 36 ትክል ድንጋዮች፣ 32ቱ የተቀረጹ። ሰይፍ አለ፣ ክብ አለ፣ ትርጉሙ እስካሁን የሚያከራክር ምልክትም አለ። ከሥራቸው መቃብር ነው። ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው።

አካሄዱን ልምከርሽ። መልካ ቁንጡሬን እያየሽ እለፊው፣ አትቁሚ። በቀጥታ ጥያ ግቢ። ሜዳ ላይ ስለሆነ ጥላ የለውም፣ የጥር ፀሐይ ከ5 ሰዓት በኋላ አናት ይበሳል። ስትመለሺ አዳዲ፣ መጨረሻ መልካ ቁንጡሬ። ቀኑ ካለቀ የሚቀረው ለከተማ የቀረበው ነው፤ እሱን ሌላ ቀን በግማሽ ቀን መመለስ ይቻላል።

ምሳ ደግሞ ከጥያ አለፍ ብሎ ቡኢ ክትፎ በቆጮ። ረቡዕና አርብ ከሆነ እኔ አልናገርም።

የማርያም_ጽዋ

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ለአዳዲ ልጨምር። ጫማ ይወለቃል፣ ስለዚህ ልጆቹ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ ምንጣፉ ውስጥ ቁንጫ አይጠፋም። ነጠላ አትርሺ። የእጅ መብራት ያዙ፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ቁልፍ ያዡ ቄስ ለምሳ ቤታቸው ሊሄዱ ይችላሉ። ሰው ልካችሁ ታስጠራላችሁ፤ መጠበቅ ነው።

ስለ እናትሽ ስለትም መላ አለ። ጥር 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሰባረ አጽማቸው የሚታሰብበት ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከየአጥቢያው የጉዞ ማኅበራት አውቶቡስ ይዘው ደብረ ሊባኖስ ይወርዳሉ። እናንተ ጥር 15 ትመለሳላችሁ፣ እሳቸው ግን ከሰፈር እናቶች ጋር እየዘመሩ ይሄዳሉ። ካንቺ ጋር ተጣድፈው ከሚሄዱ ያ አይሻልም? ወጪውን ሸፍኚላቸው፣ አለቀ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

አሁን ደውዬ ነገርኳት። "ከነወይዘሮ እከሊት ጋርማ አውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ እንጂ ያስቸገርሽኝ" አለችኝ። ለካ እሷ ለእኔ ብላ ነው!

ሁለተኛው ቀን ቀረ። ቢሾፍቱ ይሁን?

አራት_ኪሎ_ካፌ

ቢሾፍቱ ምን አለ? ገንዳ ለማየት ከአሜሪካ ይመጣል?

ጉለሌ_በር

ይመጣል፣ ልጁ 12 ዓመቱ ነው። ደግሞስ ቢሾፍቱ ገንዳ ብቻ ነው እንዴ? ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሁሉም እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ውኃ ይዞ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው በባጃጅ የምትዞርበት ሌላ ቦታ የት አለ? እናት ወንበር ላይ ሐይቁን እያዩ ቡና ይጠጣሉ፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ አባት ይተኛል። እረፍት ላይ ያለ ቤተሰብ አንድ ቀን እንዲህ መዋል አለበት። በየቀኑ ቅርስ ካሳየሻቸው ልጆቹ ቅርስ ይጠላሉ።

አንድ ነገር ብቻ። ቅዳሜና እሁድ እንዳትሄዱ። ጥር የሰርግ ወር ነው። ሐይቅ ዳር ያለ መዝናኛ ሁሉ ሙሽራና ሚዜ፣ ቪዲዮ አንሺና ድሮን ነው። ጥሩንባው ከሩቅ ይሰማል።

የቃሊቲ_ሾፌር

ጥምቀት ዘንድሮ እሁድ ይውላል፣ ሚካኤል ሰኞ። ስለዚህ ማክሰኞ ጥር 13 ቢሾፍቱ። ሰኞ ማታ ታቦት ገብቷል፣ መንገዱ ተከፍቷል። ጥያን ሐሙስ ጥር 8 አድርጉት፣ ያኔ እንቅልፋችሁ ገና አልተስተካከለም። አርብ ጥር 9 አትውጡ፤ የበዓል ገበያውና ለከተራ የሚገባው ሰው መንገዱን ይሞላዋል።

ፎቶ ስታነሱ ደግሞ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ግቢ እንዳለ አትርሱ። ካሜራ ወደዚያ አይዞርም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ተወሰነ። ሐሙስ የቡታጅራ መንገድ፣ ማክሰኞ ቢሾፍቱ። ግማሽ ቀኗን እንጦጦ እናደርጋለን፤ ማርያምን ተሳልመን ልጆቹ ፓርኩ ውስጥ ይሩጡ። ወንጪ_አፍቃሪ ይቅርታ።

ወንጪ_አፍቃሪ

አልቀበልም። ግን መልካም ጉዞ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ጥር 18)

ቤታችን ገባን። ለሚቀጥለው ሰው እንዲጠቅም ልጻፍ።

ሐሙስ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ወጣን። ጀሞ ጭር ያለች ነበረች። ዓለም ገና አምባሻ ገዛንና እየበላን ሄድን። ጥያ ስንደርስ ከእኛ በቀር ጎብኚ አልነበረም። አስጎብኚው የተቀረጸውን ሰይፍ ለትንሹ ልጅ በጣቱ እየተከተለ አሳየውና "ቁጠር" አለው። ልጁ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየሮጠ ሰይፍ ሲቆጥር እኛ ለመሄድ ሩብ ሰዓት ለመንነው። ትልቁ "ጀግና ነበሩ ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው "አንዳንዱ የገደለውን ቁጥር ነው ይላል፣ እኛ ግን ቁፋሮው ያሳየንን ብቻ ነው የምንናገረው" አለው። ወደድኩት።

አዳዲ ላይ የተባለው ሁሉ ደረሰ። ቁልፍ ያዡ አባ ምሳ ላይ ነበሩ። ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጠበቅናቸው፤ እማዬ ከአንዲት እናት ጋር ዘመድ ሆና ስልክ ተለዋወጠች። ደረጃውን በባለቤቴ ክንድ ወረደች። ካልሲውን ሁለት ደራርበን አድርገንም ቁንጫው አልማረንም። ልጆቹ እስካሁን የሚያወሩት ስለ ቁንጫው ነው።

መልካ ቁንጡሬ ስንደርስ 9 ሰዓት ተኩል ሆነ። ጎጆዎቹን አየን፣ የቁፋሮውን ቦታ ግን ሾፌራችን "ይበቃል፣ እንግባ" አለ። 12 ሰዓት ሳይሞላ ጎፋ ነበርን።

ቢሾፍቱ ማክሰኞ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ዓሣ በላን። እማዬ ጀልባ ላይ አልወጣም ብላ ቦርሳ ጠባቂ ሆነች።

መግቢያ ላይ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ያዙ፤ ለአገር ሰውና ለውጭ ዜጋ ክፍያው ይለያል። ቴሌብር የሌለን ሰዎች ዝርዝር ብር በእጅ መያዝ አለብን።

ዱባይ_ካራማ

እኔ ለፋሲካ ልገባ ነው። መኪናውን እንዴት ተዋዋላችሁ? በቀን ነው በኪሎ ሜትር?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

በቀን። ነዳጅ ያካትት አያካትት የሚለውን ከመነሳታችን በፊት በጽሑፍ፣ በቴሌግራም ጨረስነው። የሾፌር ምሳ በእኛ ነበር።

የቃሊቲ_ሾፌር

ነዳጁንም ዋዜማውን ሞልቶ እንዲያድር ንገሪው። ማደያ ሰልፍ ላይ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል የሚባል ነገር የለም። ለፋሲካ ደግሞ ዝናብ ሊኖር ስለሚችል የአዳዲን መገንጠያ ቀድመሽ ጠይቂ። ሰፈርሽ የት ነው?

ዱባይ_ካራማ

ሲኤምሲ፣ ወደ አያት በኩል።

የቃሊቲ_ሾፌር

እንግዲያው ጥያን እርሺውና ከቢሾፍቱ እንጀምር።